ክዳኑ የሚከፈት ኮምፒዩተር፤ ለትምህርት ቤት ስለሚመረጡ መሣሪያዎች የቀረበ ሂስ

ለትምህርት ቤት ኮምፒዩተር እንዲገዛ የተሰየመ ኮሚቴ ከፊቱ የሚቀርብለት ወረቀት ምን እንደሚመስል በዚህ ሥራ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ዓምድ የአቅራቢው ስም፣ በሁለተኛው የፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ በሦስተኛው የሚሞሪው መጠን፣ በአራተኛው የዲስኩ ስፋት፣ በመጨረሻው ዋጋው ሰፍሮ ይገኛል። ኮሚቴውም ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስተያይቶ ቃለ ጉባኤውን ይፈርማል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በእንዲህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ፈርሟል። ይሁን እንጂ በዚያ ወረቀት ላይ ዓምድ ተሠርቶለት የማያውቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መሣሪያው በተበላሸ ጊዜ ማን ይከፍተዋል? በምንስ ይከፍተዋል? የሚለው ነው።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የጥገና ክፍልን እንጂ የትምህርት ባለሙያን የሚመለከት አይመስልም። የእኛ አስተያየት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኮምፒዩተር ወደ ትምህርት ቤት የሚገባው በሁለት መልክ ነው፤ አንድም ሌላ ትምህርት የሚሰጥበት መሣሪያ ሆኖ፣ አንድም ራሱ ትምህርት ሆኖ። በመጀመሪያው መልክ ከገባ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ስለሆነ መሥራቱ ብቻ ይበቃል። በሁለተኛው መልክ ከገባ ግን የማይከፈት ኮምፒዩተር ገጾቹ ተጣብቀው እንደ ተጠረዙ መጽሐፍ ነው። የብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ችግር በዕቅዳቸው ላይ የጻፉት ሁለተኛውን ዓላማ ሆኖ ሳለ የሚገዙት ዕቃ ለመጀመሪያው ዓላማ የተሠራ መሆኑ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የቁጥሩን ወረቀት ወደ ጎን አድርገን፣ ሐያሲ ድርሰትን እንደሚያነብ፣ ዕቃዎቹን ራሳቸውን ከክዳናቸው ጀምረን ለማንበብ እንሞክራለን።

መነሻ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ ለገበያ የቀረበው አፕል ሁለት ነው። ዋጋው 1,298 ዶላር፣ ፕሮሰሰሩ 6502 የተባለው፣ ፍጥነቱ አንድ ሜጋኸርትዝ ያህል፣ የመነሻ ሚሞሪው 4 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ እነዚህን ቁጥሮች ለኮሚቴ የሚያቀርብ ቢኖር መሳቂያ ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ቁጥሩ ሳይሆን ክዳኑ ነው። የአፕል ሁለት ክዳን ያለ ካቻቪቴ፣ በእጅ ብቻ ከኋላ ተይዞ ብድግ ሲደረግ ይነሣል። ከሥሩ ስምንት ማስገቢያዎች ተደርድረው ይታያሉ፤ በእነዚህም ላይ የዲስክ መቆጣጠሪያ ወይም የማተሚያ ካርድ፣ ካስፈለገም ተጠቃሚው ራሱ የበየደው ሰሌዳ ይሰካል። የሚሞሪ ቺፖቹም በሰሌዳው ላይ የተበየዱ ሳይሆኑ በመቀመጫ ላይ የተሰኩ ስለሆኑ በጥንቃቄ ተነቅለው በሌላ ይተካሉ። የማመሳከሪያ መጽሐፉ ደግሞ የሰሌዳውን የኤሌክትሪክ ንድፍና በቋሚ ሚሞሪው ውስጥ የተቀመጠውን የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ዝርዝር አትሞ ይዞ ነበር። ገዢው ዕቃውን ከነምሥጢሩ ገዛ ማለት ነው።

ስለ ማስገቢያዎቹ ቁጥር በሁለቱ መሥራቾች መካከል ክርክር ተነሥቶ እንደ ነበር ስቲቭ ዎዝኒያክ በኋላ ተርኳል። ስቲቭ ጆብስ አንድ ለማተሚያ፣ አንድ ለሞደም፣ ሁለት ማስገቢያ ይበቃል ሲል፣ ዕቃውን የነደፈው ዎዝኒያክ ግን ስምንት ካልሆነ አይሆንም ብሎ ጸና፤ ሐሳቡም ጸደቀለት። ክርክሩ የቴክኒክ ይምሰል እንጂ በመሠረቱ ስለ ተጠቃሚው ማንነት የተደረገ ክርክር ነው። ሁለት ይበቃል የሚለው ሰው፣ ተጠቃሚው ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሜ አውቄዋለሁ ማለቱ ነው። ስምንት የሚለው ሰው ግን እኔ ያላሰብሁትን ያስብ ይሆናል ብሎ ቦታ መተዉ ነው። በክፍል ውስጥ ያስተማረ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ መልሱን ይዞ የሚጠይቅ መምህር አለ፣ ሳይዝ የሚጠይቅም አለ። በሚኒሶታ ግዛት የትምህርት ኮምፒዩተር ድርጅት በ1970ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ቤቶች ይህንኑ ዕቃ መምረጡ በዋጋው ምክንያት ብቻ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1984፣ ያው ኩባንያ ማኪንቶሽን አወጣ። በ2,495 ዶላር የተሸጠው ይህ ዕቃ በብዙ ረገድ ከቀዳሚው የላቀ ነበር፤ ተጠቃሚው ትእዛዝ በፊደል መጻፉን ትቶ በስክሪን ላይ ያለውን ሥዕል በማውስ እየነካ ይሠራል። ክዳኑ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። አንድም ማስገቢያ የለውም። ሣጥኑን የሚይዙት ብሎኖች ኮከብ ቅርጽ ያላቸው፣ አንዳንዶቹም በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ ስለሆኑ ከየቤቱ በሚገኝ ካቻቪቴ አይደረስባቸውም፤ ረጅምና ልዩ መፍቻ ያስፈልጋል። የ128 ኪሎባይቱ ሚሞሪም በሰሌዳው ላይ ተበይዷል። ከሁሉ የሚያስገርመው ይህ ነው፤ ዕቃውን የሠሩት ሰዎች ፊርማቸውን በፕላስቲኩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አስቀርጸዋል። ሠዓሊ በሥዕሉ ላይ ይፈርማል፤ እነዚህ ግን የፈረሙት ገዢው እንዳያየው በተከለከለበት በኩል ነው። እንደ ሂስ ጸሐፊ ሆነን ስንናገር፣ ስለ ማኪንቶሽ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህ ፊርማ የዕቃውን ጠባይ ይገልጻል እንላለን።

ለመዝጋት ምክንያት አልነበራቸውም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በዚያ ሣጥን ውስጥ የሥዕል ቱቦ ነበረ። የሥዕል ቱቦ በብዙ ሺህ ቮልት የሚሠራ፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ቻርጁን ይዞ የሚቆይ ስለሆነ ያልሠለጠነ እጅ ሊነካው አይገባም። በተጨማሪም ሥራውን እንጂ መሣሪያውን ማሰብ የማይፈልግ ጸሐፊ ወይም ነጋዴ አለ፤ ለእርሱ የተዘጋው ሣጥን ዕረፍት ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጅበትን ኮምፒዩተር በየቀኑ እየከፈትን አንሠራም። ቢሆንም መዝጋቱ እንኳ በኩባንያው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠም ነበር። የሰሌዳው ነዳፊ በረል ስሚዝ ከፍ ያለ መጠን ያላቸው ቺፖች ወደፊት ሊተኩ እንዲችሉ መስመሩን በሰሌዳው ላይ በዘዴ አስቀርቶታል። በዚህም የተነሣ መበየጃ የያዙ ደፋሮች 16ቱን ቺፖች ነቅለው በአራት እጥፍ በሚበልጡ በመተካት 128ቱን ወደ 512 ኪሎባይት አሳደጉት። የተከለከለውን በር በመበየጃ መክፈት ግን ለሙያተኛ እንጂ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚታዘዝ አይደለም።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የመጣው ከሌላ ኩባንያ ነው። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ማስገቢያዎች ነበሩት፤ የቴክኒክ መጽሐፉም የሰሌዳውን ንድፍ ይዞ ይሸጥ ነበር። ሌሎች ፋብሪካዎች ያንን ሥርዓት ተከትለው በመሥራታቸው የአንዱ ክፍል ለሌላው መሆን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢንቴል ያወጣው ኤ ቲ ኤክስ የተባለው ደንብ ደግሞ የማዘርቦርዱን ስፋት፣ የብሎኑን ቀዳዳ ቦታና የፓወር ሰፕላዩን ሶኬት ወሰነ። ይህ ደንብ ለእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ በአንድ ገጠመኝ ብናስረዳ ይሻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 24 ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ከባሕር ማዶ በስጦታ መጡ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በርክክቡ ላይ ነበር። መምህሩ የመጀመሪያውን ስፒና ሶኬት ላይ ሰክቶ ቢያበራው ጧ! ብሎ ጢስ ወጣ። ምናልባት የአንዱ ብቻ ችግር ይሆናል ተብሎ ሁለተኛው ተሰካ፤ እርሱም እንደ ፊተኛው ጧ! አለ። ሁላችንም ቆመን ስንተያይ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፣ በወጣትነታቸው ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ አዛውንት፣ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «መምህር፣ ጀርባውን አይተውታል?» አሉ። መምህሩም፣ «ጋሼ፣ ምኑን?» አላቸው። ገብተው ሦስተኛውን ሣጥን አዞሩትና ከኤሌክትሪክ ገመዱ መሰኪያ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ በጣታቸው አሳዩን። 115 የሚል ቁጥር ይታይባት ነበር። በሚስማር ጫፍ ገፋ ሲያደርጓት 230 የሚለው ወጣ። የቀሩት 22 ኮምፒዩተሮች በዚያች ሚስማር ዳኑ።

የሆነው ነገር ቀላል ነው፤ ትምህርትነቱም ከዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ ያለው ከዚያ ግማሽ ያህል ነው። ማብሪያዋ 115 ላይ ስትሆን ፓወር ሰፕላዩ የገባውን ቮልት በእጥፍ የሚያሳድግ መስመር ያገናኛል። 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ሲለወጥ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፤ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ወደ 620 ይጠጋል። ይህም በሁለት ካፓሲተሮች ላይ እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 310 ይደርሳቸዋል። በካፓሲተሮቹ ጀርባ ላይ የተጻፈው ግን 200 ቮልት ነው። አንድ የፊዚክስ መምህር የመጫንን፣ የመፈንዳትንና የፊውዝን ነገር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ያመጣል? ሁለቱ የሞቱት ኮምፒዩተሮችም ለዘለዓለም አልሞቱም። ፓወር ሰፕላያቸው በኤ ቲ ኤክስ ደንብ የተሠራ ስለ ነበር ከገበያ የተገዛ፣ የሌላ ፋብሪካ ምርት የሆነ ምትክ በአራት ብሎን ታስሮ ሥራቸውን ቀጠሉ። የተዘጋ ሣጥን ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ቁጥር ከንብረት መዝገብ ይሰረዝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስላጋጠሙት ብልሽቶች በዝርዝር መሄድ አያስፈልግም፤ በየቤተ ሙከራው የታወቁ ናቸው። አቧራ ማቀዝቀዣውን ሲዘጋው ኮምፒዩተሩ በገዛ ራሱ ይጠፋል፤ በብሩሽ ሲጠረግ ይድናል። የሚሞሪ ካርዱ ጥርሶች ሲቆሽሹ ኮምፒዩተሩ እየጮኸ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፤ ካርዱ ተነቅሎ በእርሳስ ላጲስ ሲታሽ ይነሣል። የሰዓቷ ባትሪ ስታልቅ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አቅም በላይ አይደለም። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን መክፈት ግን፣ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ቻርጅ ስለሚይዝ፣ ለተማሪ የሚፈቀድ አይደለም፤ ይህንን ከወዲሁ መለየት የመምህሩ ፋንታ ነው።

አሁን ደግሞ በተለይ ለድሀ አገር ሕፃናት ተብሎ ወደ ተሠራው ዕቃ እንምጣ። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሩት «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2005 በቱኒስ ጉባኤ ላይ ያሳየው ናሙና በእጅ የሚዞር መዘውር የነበረበት፣ በ100 ዶላር እንደሚሸጥም ተስፋ የተሰጠበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ከፋብሪካ የወጣው ኤክስ ኦ ግን መዘውር አልነበረውም፤ ዋጋውም 188 ዶላር ያህል ነበር። ብዙ ተቺዎች የተረባረቡት በዚህ በዋጋውና በመዘውሩ ላይ ነው። ለእኛ ግን ይህ የዕቃው ደካማ ጎን አይመስለንም። ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ ላይ ይነበባል፤ ይህ በገጠር ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው። ማቀዝቀዣ ማራገቢያና የሚሽከረከር ዲስክ ስለሌለው አቧራና ውድቀት እንደ ሌላው አያጠፉትም። በተራ ካቻቪቴ ይፈታል። በእጀታው ውስጥ ደግሞ ትርፍ ብሎኖች ተቀምጠውለታል። ነዳፊዎቹ ልጁ ዕቃውን እንደሚከፍት ብቻ ሳይሆን በከፈተ ጊዜ ብሎን እንደሚጠፋበት ጭምር አስበዋል ማለት ነው። ስለ ልጅ ጠባይ እንዲህ ያለ ዕውቀት በስንት የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እናገኛለን? በቁልፍ ሰሌዳውም ላይ እየተሠራበት ያለውን ፕሮግራም ጽሑፉን ገልጦ ለማሳየት የተመደበ ቁልፍ አለ።

እንግዲያው ድክመቱ ወዴት ነው? ክዳኑ ይከፈታል፤ ከክዳኑ ሥር ያለው ግን የብቻው ነው። ስክሪኑ፣ ባትሪውና የጎማ ቁልፍ ሰሌዳው የዚያው ዕቃ ብቻ ስለሆኑ ከሌላ ላፕቶፕ ነቅሎ መተካት አይቻልም፤ ሚሞሪውም የተበየደ ነው። የሕፃን ጥፍር ቁልፍ ሰሌዳውን የቀደደው እንደሆነ መለዋወጫው ያለው ከሌላ ኤክስ ኦ ውስጥ ብቻ ነው። ዎዝኒያክ የተወው ባዶ ቦታና ኤ ቲ ኤክስ የሰጠው የጋራ ደንብ ከዚህ ላይ የሉም። የመክፈት ነፃነት ያለ መተካት አቅም ግማሽ ነፃነት ነው።

ወደ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኤክስ ኦዎች መጥተው ለተማሪዎች ታድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት ላፕቶፕ ያገኙና ያላገኙ የኢትዮጵያ ልጆችን አነጻጽሮ ያገኙት በረቂቅ የማመዛዘን ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ ገልጿል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ አገሮች የልማት ባንክ በፔሩ የገጠር ትምህርት ቤቶች ያካሄደው ጥናት ደግሞ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ኮምፒዩተር ከ0.12 ወደ 1.18 ከፍ ማለቱን፣ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ግን ለውጥ አለመታየቱን አሳይቷል። ሁለቱን ውጤቶች አስታርቆ መናገር ለሥነ ልቡና ሊቃውንት እንተወውና አንድ ነገር ብቻ እንጠቁም። የሁለቱም ጥናቶች ዋና ጥያቄ መሣሪያው በልጁ ላይ ምን አደረገ የሚል ነው። ልጁ በመሣሪያው ላይ ምን አደረገ? ስንት ልጅ ከፈተው? ስንቱስ መልሶ ገጠመው? የሚለው ዋና ጥያቄ ሊሆን ይገባው ነበር፤ በተለይ ትርፍ ብሎን ይዞ ለመጣ ዕቃ።

ከዚያ ወዲህ ገበያው በአብዛኛው የሄደው በማኪንቶሽ መንገድ ነው። የዛሬ ቀጭን ላፕቶፖች ብዙዎቹ ሚሞሪያቸው የተበየደ፣ ባትሪያቸው የተጣበቀ ነው፤ ታብሌቶች ደግሞ ከዚያ ይብሳሉ። ተቃራኒ መንገድ የያዙም አልጠፉም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ፍሬምወርክ የተባለው ኩባንያ ላፕቶፑን ከነካቻቪቴው በአንድ ሣጥን ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ የወጣው ራስበሪ ፓይ ደግሞ በ35 ዶላር የቀረበ፣ ክዳን ፈጽሞ የሌለው ባዶ ሰሌዳ ነበር፤ በዳር ከተደረደሩት እግሮቹ ላይ መብራት፣ የሙቀት መለኪያና ሞተር መቆጣጠሪያ ይገናኛሉ። ይህን ዕቃ የሚያወድሱ ሰዎች ስክሪኑና ቁልፍ ሰሌዳው ለብቻ እንደሚገዙ፣ እግሮቹም 3.3 ቮልት እንጂ 5 ቮልት እንደማይችሉ አያነሡም። ቢሆንም ልጅ ስህተት ሠርቶ ሊያቃጥለው በሚችል ዋጋ የተሠራ መሆኑ ራሱ አንድ የትምህርት ሐሳብ ነው።

የሚከፈት ዕቃ የሚሰረቅ ዕቃ ነው የሚል ተቃውሞ ከርእሳነ መምህራን ዘንድ ይነሣል፤ ተቃውሞውም እውነት አለው። ክዳኑ በቀላሉ ከሚነሣ ኮምፒዩተር የሚሞሪ ካርድ በኪስ ይወጣል። የቤተ ሙከራዎች ቁልፍና የብረት መዝጊያ የመጣው ከዚህ ሥጋት ነው። ነገር ግን ለመክፈቻ ልምምድ የሚያስፈልገው የሚሠራው ኮምፒዩተር አይደለም፤ የሞተው ነው። የሞተ ኮምፒዩተር ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ሞልቷል።

ከዚህ ላይ ግን ከኤሌክትሮኒክስ ወጥተን ወደ መዝገብ ቤት እንገባለን። የተበላሸው ኮምፒዩተር የንብረት ቁጥር ያለው የመንግሥት ሀብት ስለሆነ፣ በደንቡ መሠረት እስኪወገድ ድረስ ማንም ሊፈታው አይችልም። የማስወገጃው ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሲሰበሰብም ዕቃው በጅምላ ለጨረታ ይወጣል እንጂ ለትምህርት ቤቱ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ይሰጥ የሚል ረድፍ በቅጹ ላይ የለም። እንዲህ ያለ አንድ ረድፍ መጨመር የውጭ ምንዛሪም፣ የውጭ ባለሙያም አይጠይቅም።

ከላይ በተጠቀሰው ትምህርት ቤት ከ24ቱ ኮምፒዩተሮች መካከል ለመጨረሻ ጊዜ ስናይ የሚሠሩት ዘጠኝ ነበሩ። 15ቱ በመጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ከእነዚህ ስንቱ በላጲስ ብቻ ሊነሣ እንደሚችል የሚያውቅ የለም፤ ክፍሉ ተቆልፏል፣ አዛውንቱ ጥበቃም ጡረታ ወጥተዋል።